ጧሪ አለ፣ ቀባሪ አለ፤ አጫዋችስ?

ክረምት ሲገባ በአምቦ ሰፈሮች አንድ የታወቀ ሥራ ይጀመራል። ወጣቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው፣ ቆርቆሮና ምስማር ተሸክመው ወደ አንድ ዘመም ያለ የጭቃ ቤት ይመጣሉ። የበሰበሰው ማገር ይወጣል፣ ግድግዳው ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረጋል፣ የዛገው ቆርቆሮ በአዲስ ይተካል። የቤቱ ባለቤት እናት ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። ፎቶ ይነሣል፣ ቁልፍ ይሰጣል። በክረምት በጎ ፈቃድ ስም የሚካሄደው የአረጋውያን ቤት እድሳት ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ የተለመደ ሆኗል፤ በአምቦም፣ በጉደርም፣ በጊንጪም፣ በጌዶም። መልካም ሥራ ነው። የሐምሌን ዝናብ በድስትና በባልዲ እየተቀበለ ያደረ ሰው የአዲስ ቆርቆሮን ዋጋ ያውቀዋል።

ወጣቶቹ ከሄዱ በኋላ ያለውን ምሽት ግን ማንም ፎቶ አያነሣውም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ አሁን አያፈስም። ከምድጃው አጠገብ እናት የተቀመጡበት በርጩማ አለ፤ ፊት ለፊቱ ያለው በርጩማ ባዶ ነው። ስልኩ በመሐረብ ተጠቅልሎ ጉያ ውስጥ ገብቷል፤ ልጅ ከአዲስ አበባ፣ ከጅዳ ወይም ከቤሩት እስክትደውል ድረስ ዝም ይላል። ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። ሰዓቱ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ሌሊቱ ረጅም ነው።

ላነሣ የፈለግሁት የዚያን ባዶ በርጩማ ጉዳይ ነው።

ነገሩ ሆድ የማባባት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ቢኤምሲ ሳይካያትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በአምቦ ከተማ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 60ን የተሻገረ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከ100ው ወደ 42 በሚሆኑት ላይ የድብርት ምልክት አገኘ። በዓለም ደረጃ የዓለም ጤና ድርጅት ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑት መካከል ድብርት ያለባቸውን ከ100 ወደ 6 ገደማ ይገምታል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አቁሞ መደናገጥ ግን አይገባም፤ የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። እንዲህ ባሉ የማኅበረሰብ ጥናቶች ዘወትር የሚሠራበት መለኪያ አዎ ወይም አይደለም ተብለው የሚመለሱ 15 ጥያቄዎች ያሉት ነው፤ ኑሮዬ ባዶ ሆነብኝ ብለው ያስባሉ ወይ፣ ሥራና ልማድዎን ትተዋል ወይ፣ ከቤት መውጣት ያስጠላዎታል ወይ የሚል ዓይነት። ምልክት ያለበትን ይለያል እንጂ ሕመም ነው ብሎ አይፈርድም፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። ቢሆንም በአንዲት ከተማ ከአምስት አዛውንት ሁለቱ ላይ የድብርት ምልክት ከታየ፣ ከተማዋ ስለዚህ ነገር መነጋገር ነበረባት። ጥናቱ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ እስካሁን የምናወራው ግን ስለ ቆርቆሮ ነው።

ለምን እንደማናወራ አንዱ ምክንያት አፋችን ላይ አለ። አንድን የአምቦ ሽማግሌ እንደምን ዋሉ ብሎ የጠየቀ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ ተመስገን። በኦሮምኛ ቢጠየቁም ምስጋናው ለዋቃ ነው። ልጅ የሞተባቸውም፣ ሦስት ቀን ሰው ያላዩትም፣ ጉልበታቸው ከአልጋ አላስነሣ ያላቸውም ተመስገን ይላሉ። ውሸት አይደለም፣ አስተዳደግ ነው፤ ማማረር በፈጣሪ ላይ ማጉረምረም ነው ተብለው ነው ያደጉት። ሐዘኑ የሚወጣው ታዲያ በሌላ በር ነው፤ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ወገቤን ቆረጠኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ እህል አልወርድልህ አለኝ። ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፣ የደም ግፊታቸው ይለካል፣ የጨጓራ ወይም የሕመም ማስታገሻ ይታዘዝላቸዋል፣ ይመለሳሉ። በወሩ ያው ወገብ እንደገና ይቆርጣቸዋል። አማርኛ ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል ነበረው፤ ሆድ ባሰኝ። አንዲት ነርስ ወገብዎን ከሚለው ጥያቄ ቀጥላ ሆድ የሚያስብስዎት ነገር አለ ወይ ብላ ብትጠይቅ ብዙ ነገር ይወጣ ነበር። ለዚህ ጥያቄ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

አማርኛ ለእርጅና ያለውን ምኞት በሁለት ቃል ጠቅልሎ ይዞታል፤ ጧሪና ቀባሪ። ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ ይባላል ሲመረቅ፤ ጧሪ ቀባሪ የሌለው ይባላል ሲታዘንለት። ጡረታ የሚለው የመንግሥት ቃልም የወጣው ከዚሁ ከመጦር ነው። ኦሮምኛ ጡረታን ሶረማ ይለዋል፤ የቃሉ ሥር ማብላት፣ መመገብ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች የሚሉት አንድ ነው፤ ሽማግሌን መያዝ ማለት መጀመሪያ ማብላት ነው። እህል በሚያጥርበት አገር ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም።

የመንግሥቱ ጧሪነት ምን ያህል ይደርሳል ብለን እንይ። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ከ1955ቱ አዋጅ ቁጥር 209 ጀምሮ አለ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ የገባው ግን በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። መምህሩ፣ ወታደሩ፣ የአምቦ ውሃ ፋብሪካ ሠራተኛው በዚህ ጥላ ሥር ናቸው። ከጅባት እስከ ጄልዱ ጤፍና ስንዴ ሲያመርት የኖረው ገበሬ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትዘረጋ የኖረችው እናት፣ ጠላ ጠምቃ አምስት ልጅ ያስተማረችው ሴት ግን ጥላው አይደርሳቸውም። የእነሱ ጡረታ ልጆቻቸው ናቸው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ ትኩረቱ ግን የምግብ እጥረት የሚደጋገምባቸው ወረዳዎች ላይ ስለሆነ፣ አምቦ እንደምትገኝበት እንደ ምዕራብ ሸዋ ዞን ያለ እህል የሚተርፈው አካባቢ በአብዛኛው ከመስመሩ ውጪ ነው። እህል በሚተርፍበት ወረዳ ውስጥ እህል የሌላት ባልቴት እንዳለች ይህ አሠራር አያይም። የኦሮሚያ ክልል ቡሳ ጎኖፋን፣ የኦሮሞን የቆየ የመረዳጃ ሥርዓት፣ በተቋም ደረጃ አደራጅቶ መዋጮ መሰብሰብ መጀመሩ ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል። ሥርዓቱ ከጥንት ቤት ንብረቱ የወደመበትን ወገን መልሶ ለማቋቋም የተሠራ ነው። እርጅና ግን እንደ እሳት አደጋ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ቀስ እያለ የሚመጣውን ጉዳት ማየት የሚችል ዓይን ለቡሳ ጎኖፋም ያስፈልገዋል።

ሕጉስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ቀለብ ሲል ምግብን ብቻ ሳይሆን መኖሪያን፣ ልብስንና ሕክምናንም ይጨምራል። ኦሮሚያም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ግን ልጁን ፍርድ ቤት አቁሞ ቀለቤን ስጠኝ የሚል አባት ስንቱ ነው? ከልጁ ጋር ከመካሰስ ጦሙን ማደር የሚመርጥ ነው የሚበዛው። ደግሞም ልጆቹ አብዛኞቹ ጨካኞች አይደሉም። ይልካሉ። በባንክ፣ በቴሌብር፣ በሰው እጅ ይልካሉ። የታናሽ እህቷን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአባቷን የስኳር መድኃኒት፣ የእናቷን ዘይትና ጤፍ ከአረብ አገር ኩሽና ሆና የምትሸፍን ልጅ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በየሰፈሩ አለች። ጧሪ አለ እንግዲህ። አቅም ያጠረው፣ የራቀ፣ የደከመ ጧሪ ቢሆንም አለ።

ቀባሪውስ? ቀባሪ በደንብ አለ። ይህን ያደረገው እድር ነው። አሠራሩን ሁላችን እናውቀዋለን፤ በየወሩ መዋጮ፣ በየቀብሩ የስም ጥሪ፣ ለቀረ መቀጫ። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚውና ድስቱ ይወጣል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ወንዶቹ እስከ ሠልስት ድረስ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ያድራሉ። ሃይማኖትና ቋንቋ ሳይለይ ጎረቤት የሚያደራጅ፣ መንግሥታት ሲቀያየሩ ያልፈረሰ ተቋም ነው። እኔ ከእድር የበለጠ የማምነው የከተማ ተቋም የለኝም።

ግን ይህን አስተውሉ። አንዲት የእድር አባል ለስድስት ወር አልጋ ላይ ብትውል የስም ጥሪ የለም። በስድስተኛው ወር ስትሞት ያልመጣ ይቀጣል። በሕይወት ሳለች በሯን አንኳኩቶ የማያውቅ ሰው ለሬሳዋ መቀጫ ፈርቶ ይመጣል። ይህን የምለው እድሮችን ለመንቀፍ አይደለም፤ የተቋቋሙበት ዓላማ መቅበር ነው፤ ዓላማቸውን በደንብ ፈጽመዋል። ያም ሆኖ ዓላማቸው ሊሰፋ እንደሚችል አይተናል። ኤች አይ ቪ አገሩን ባስጨነቀበት ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች በየቀኑ መቅበሩ ሲከብዳቸው ሕሙማንን ወደ መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መርዳት ዞረዋል። ያኔ የቻለ እድር አሁን የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

አምቦ ላይ ሲሆን የቀባሪ ነገር ሌላ ቁስልም አለው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በከተማዋ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከጊንጪ በተነሣው ተቃውሞ፣ ከዚያም በተከታዮቹ ዓመታት ግጭት ወጣቶች ሞተዋል። ቀባሪ ይሆነኛል ያሉትን ልጅ በገዛ እጃቸው የቀበሩ እናትና አባት በዞኑ ከተሞች ውስጥ አሉ። ስለዚያ ዘመን ፖለቲካ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ወላጆቹ ያለፉት ዓመታት ምሽት ግን የተጻፈ እጅግ ጥቂት ነው። ለቅሶ የደረሰ ሁሉ በሠልስቱ ተበተነ። ከዚያ በኋላ ያለው ሐዘን ያለ ድንኳን የሚታዘን ነው። የአረጋውያን ድብርት በአምቦ ሲነሣ ይህን የሚዘል ውይይት ግማሹን ትቷል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰው ልምጣ፤ ወደ አጫዋቹ። ጨዋታ በአማርኛ የልጅ ነገር ብቻ አይደለም። እስቲ አጫውተኝ የሚባለው ለአዋቂ ነው፤ ወሬ አምጣ፣ ወሬዬን ስማ፣ አብረን እንቀመጥ ማለት ነው። ምርቃታችን ጧሪና ቀባሪን ብቻ የጠራው አጫዋች ስለማያስፈልግ አይደለም። ግቢው ሙሉ ስለነበር ነው፤ አጫዋች እንደ አየር ነበር፣ ማንም ይጎድላል ብሎ አላሰበውም። የልጅ ልጅ ከአያቱ ጋር ይተኛ ነበር። የገጠር ዘመድ ልጁን ለትምህርት ከተማ ሲልክ ከአሮጊት አክስቱ ቤት ነበር የሚያሳርፈው፤ ልጁ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ማታ ተረት ይሰማል። ቡና ሲፈላ ልጅ ይላክና ጎረቤት ይጠራል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ያቺ ሁለት ሰዓት ሐኪም የማያዝዛት መድኃኒት ነበረች።

ይህ እንዴት ፈረሰ? ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም። ምክንያቱም አንድ አይደለም። የአጥር ቆርቆሮ በብሎኬትና በብረት በር ተተካ፤ እንደ ድሮው ዘው ተብሎ አይገባም። ቡና ሲወደድ ጎረቤት መጥራት ወጪ ሆነ። የጡረታ ገንዘብ በባንክ መግባቱ ምቾት ነው፤ ግን ጡረተኛው በወር አንዴ በሰልፍ ላይ የድሮ ባልደረቦቹን የሚያገኝበት ቀንም አብሮ ቀረ። ጉልበት ሲከዳ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሰንበቴውና የጸሎት ኅብረቱ ይርቃሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መንገዱ አለ። አምቦ ከአዲስ አበባ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጅ ሁሉ እንዲሄድ የሚበቃ ቅርበት፣ በየሳምንቱ እንዳይመለስ የሚበቃ ርቀት። ትራንስፖርቱ ተወዷል። ባለፉት ዓመታት የጸጥታው ችግር ሲጨምርበት ለመስቀል እንኳን እመጣለሁ ያለ ልጅ ከመንገድ የሚቀርበት ጊዜ በዛ። እናት በግ ገዝታ ትጠብቃለች፤ ስልኩ ይደወላል፤ ዘንድሮ አልተመቸኝም።

ታዲያ ለምን ወደ ልጃቸው አይሄዱም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ በቅን ልብ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ልጅ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ደርሶታል ወይም ተከራይቷል። እናቱ ብቻቸውን መሆናቸው ያንገበግበዋል። አምቦ ሄዶ ጓዛቸውን ጠቅልሎ ያመጣቸዋል። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። እናት ደረጃውን አንዴ ይወጡታል፣ ከዚያ በኋላ ለመውረድ ይፈራሉ። ጠዋት ልጁና ሚስቱ ሥራ ይሄዳሉ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። በሩ ከውጭ ይቆለፋል፣ ለደኅንነት። እናት በመስኮት ሌላ መስኮት ሲያዩ ይውላሉ። አፈር የለም፣ ዶሮ የለም፣ ጎመን የሚቀነጠስበት ጓሮ የለም። ማታ የልጅ ልጆቹ ይመጣሉ፤ አያታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው፣ ልጆቹ የሚያውቁት አማርኛና የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ። አኮ ብለው ይስሟቸዋል፤ ከዚያ በላይ በወሬ አይግባቡም። ቁርሳቸው አልጎደለም፣ መድኃኒታቸው አልጎደለም፣ አልጋቸው ንጹሕ ነው። በሁለተኛው ወር ቤቴ መልሱኝ ይላሉ። ልጁ ይከፋዋል፤ ምን ጎደለብሽ ይላል። ለዚህ ጥያቄ እናት መልስ የላቸውም፤ የጎደለው በዝርዝር የሚጻፍ አይደለምና። የጎደለው በደጃፍ ሲያልፉ አዴ እንዴት አደሩ የሚል ሰው ነው።

ብዙ ልጆች ይህን እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ እናቶቹ ትክክል ናቸው ባይ ነኝ። ሰው በስሙ የሚታወቅበት ሰፈር ውስጥ ማርጀት መብት ነው። የምንወዳቸውን ነቅለን ከማምጣት በፊት ባሉበት የሚያኖራቸው ምን እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል። ወላጅን ወደ ራስ ቤት መውሰድ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ መርሳት ሲመጣ፣ ብቻቸውን ምድጃ ማንደድ አደጋ ሲሆን። ያኔም ቢሆን ምድር ቤት መከራየት፣ ኦሮምኛ የምትናገር ረዳት መፈለግ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከአገራቸው ሰዎች ጋር ማገናኘት ይቻላል።

ባሉበት ለማኖር ደግሞ ምዕራብ ሸዋ የራሱ ዕድል አለው። አምቦ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። የሐጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ፣ የአዋሮ ካምፓስ፣ ጉደር ላይ የማሞ መዘምር ካምፓስ አለ። ከግቢ ውጪ የሚኖር መምህር፣ የማታ ተማሪ፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣ ልጅ ሁሉ ቤት ይፈልጋል። በሌላ በኩል ጓሮአቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ያላቸው ባልቴቶች አሉ። ተከራይና አከራይ ሆነው ብዙዎች እየኖሩ ነው፤ ደግ ተከራይ የደረሳቸው እናት እንደ ልጅ ያዩታል፣ ሲታመሙ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው እርሱ ነው። በአውሮፓ አንዳንድ ከተሞች ይህን በውል አድርገውታል፤ ተማሪው በቅናሽ ይኖራል፣ በምትኩ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ከአዛውንቷ ጋር ያሳልፋል። እኛ ዘንድ ይህ አዲስ ተቋም አይፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ቀበሌውና እድሩ ተማሪውንና ቤቱን ቢያገናኙ፣ ለሁለቱም ዋስ ቢቆሙ ይበቃል። ዋሱ ግን የግድ ነው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ቤት የሚገባን ሰው ሳያጣሩ መላክ ሌላ አደጋ ነው።

እዚህ ላይ የቤት ባለቤትነትን ማንሣት ያስፈልጋል። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ ወዲህ ብዙ ድሃ አዛውንት በቀበሌ ቤት በትንሽ ኪራይ ኖረዋል። ቤቱ የእነሱ አይደለም፤ ክፍል ማከራየት አይችሉም፣ ሰፈሩ ለልማት ሲፈለግ ይነሣሉ። ምትክ ቤት ቢሰጣቸው እንኳን አርባ ዓመት የኖሩበት ጎረቤት አብሮ አይሰጣቸውም። የሰፈር ሰው በጅምላ አንድ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ከቤቱ ጥራት ባልተናነሰ የአዛውንት ጤና ጉዳይ ነው።

የወንዱና የሴቷ እርጅናም አንድ አይደለም። በኦሮሞ ሥርዓት ሽማግሌ ቦታ አለው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሰውን በዕድሜ እርከን ያሳልፋል፤ ከሥልጣን የወጣ ይመክራል እንጂ አይጣልም። የገዳ መሰብሰቢያ የሆነው ኦዳ ቢሲልም የሚገኘው እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ነው። ዛሬም ጠብ ሲነሣ ጃርሳ ቢያ ይጠራል፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ማታ ሲተኛ የዋለበት ነገር አለው። ሴቷ ሲንቄ የሚባለውን በትሯን ይዛ የምታስታርቅበት ሥርዓት ቢኖርም፣ በከተማ ግን ያረጀች ሴት የምትጠራው ለልጅ ጥበቃና ለለቅሶ ቤት ሥራ ነው፤ ወገቧ ሲታጠፍ ያም ይቀራል። ሴቶች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ፤ ባሎቻቸውን ይቀብራሉ፤ በኢትዮጵያም በሌላውም አገር በተደረጉ ጥናቶች ድብርት ይበልጥ የሚገኘው በሴቶች፣ የትዳር ጓደኛ በሞተባቸው፣ ሥር የሰደደ ሕመም ባለባቸውና ደጋፊ በሌላቸው ላይ ነው። አንዲት ሰማንያ የደረሰች ባልቴት አራቱንም ልትሆን ትችላለች።

ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ሥራ ላረጀች ሴት ቦታ ስለ መስጠት ብዙ ያስተምራል። ሐኪም አጥሮት አያቶችን አሠለጠነ። አያቶቹ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀን ሰው ያዳምጣሉ፣ አንድ ችግር መርጦ እንዲፈታ ያግዙታል። ውጤቱ በጥናት ተፈትሾ እ.ኤ.አ. በ2016 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ታትሟል፤ የታካሚዎቹ ጭንቀት ቀነሰ። አያቶቹ እዚያ ተረጂዎች አይደሉም፤ ፈላጊ አላቸው፣ ሰው ወረፋ ይዞ ይጠብቃቸዋል። አምቦ አጠቃላይ ሆስፒታልም ሆነ የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አንድ አግዳሚ ማስቀመጥ የሚያቅተን አይመስለኝም። የሚያዳምጡ አያቶች ሞልተውናል።

መጦሪያ ተቋምስ? ሜቄዶንያ አዲስ አበባ ላይ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን በሺዎች አንሥቷል፤ ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚለው መፈክሩ በመላ አገሪቱ ይታወቃል። ማንም ለሌለው ሰው እንዲህ ያለ ቤት ሕይወት ነው። ልጅ ያለው ሰው መጦሪያ ገባ ሲባል የምንሰማው ሐሜትም መቆም አለበት፤ ከሚደበደብበት ቤት መጦሪያው ይሻላል። ነገር ግን አምቦ ላይ ትልቅ መጦሪያ ይሠራ የሚል ሐሳብ ከመምጣቱ በፊት ቀን ቀን የሚውሉበት አንድ አዳራሽ ይምጣ እላለሁ። ቡና የሚፈላበት፣ ደም ግፊት የሚለካበት፣ ሽማግሌው ገበጣ የሚጫወትበት፣ ማታ ወደ ቤት የሚኬድበት። በከተማዋ ያለው ፍልውሃም ለቁርጥማት የታወቀ ነው፤ በሳምንት አንድ ጠዋት ለአረጋውያን ብቻ ቢከፈት ገላም ወሬም ይታጠብበታል።

ጊዜው አጭር ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ አምቦ 48,171፣ ምዕራብ ሸዋ ዞን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራቸው፤ በአገሪቱ 60 ዓመት የሞላው ከ100 ወደ 5 ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። የአንድ ኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት 50 የማይሞላ ነበር፣ ዛሬ ከ65 አልፏል። ብዙዎቻችን እናረጃለን ማለት ነው፤ ልጆቻችንም ከእኛ ይልቅ ጥቂትና ሩቅ ይሆናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ብቸኝነት በዓለም ላይ በዓመት ከ871,000 በላይ ሞት ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ብቸኝነት የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚለውን አሁን መተው አለብን።

ልመናዬ ለአምቦ፣ ለጉደር፣ ለጊንጪና ለጌዶ እድሮች ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አባል እጁን ያውጣና ይህን አጀንዳ ያስይዝ፦ ከ70 ዓመት በላይ የሆነና ብቻውን የሚኖር አባል ስሙ ይመዝገብ፤ በየሳምንቱ ሁለት አባላት ተራ ይዘው ቤቱ ይሂዱ፣ አንድ ሰዓት ይቀመጡ፤ ተራው ደርሶ የቀረ በቀብር እንደቀረ ይቀጣ። ድንኳን አያስፈልገውም፣ በጀትም አያስፈልገውም። መዝገቡ አለ፣ የስም ጥሪው አለ፣ መቀጫውም አለ። በርጩማውም እዚያው ምድጃው አጠገብ ነው።